በገና በቪዲዮ ካሴት፦ የቀረጻ ሥራ ማስታወሻ

ጥር አጋማሽ፤ ዴክ ፍለጋ

ሐሳቤ የበገና ድርደራን ድምፅ፣ ያለ ካሜራ፣ በቪዲዮ ካሴት ላይ መቅዳት ነው። ምናለሽ ተራ ውስጥ ያረጀ የቪዲዮ ዴክ ሞልቷል። የሚቸግረው «ሃይ-ፋይ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ማግኘት ነው። አብዛኞቹ ሞኖ ናቸው፤ ከኋላቸው ለምስል አንድ ቢጫ፣ ለድምፅ አንድ ነጭ ቀዳዳ ብቻ አላቸው። የፈለግሁት ነጭና ቀይ ያለውን፣ ከፊቱም የድምፅ መጠን ማስተካከያ ያለውን ነው። ልዩነቱ የአንድ ቀዳዳ ጉዳይ አይደለም። ሁለቱ ዴኮች ድምፁን የሚያስቀምጡት በተለያየ ቦታ ነው።

ሞኖው ዴክ ድምፁን የሚጽፈው በቆመ ሄድ (ክሩ ላይ በሚጽፈውና በሚያነበው ክፍል)፣ በክሩ ጠርዝ ላይ ባለች አንድ ሚሊሜትር ገደማ በምትሰፋ መስመር ነው። እኛ አገር በተለመደው የፓል የቴሌቪዥን ሥርዓት ክሩ በሰከንድ 23.39 ሚሊሜትር ይጓዛል። ተራው የድምፅ ካሴት 47.6 ሚሊሜትር ስለሚጓዝ፣ ያ ሁሉ ሣጥን በድምፅ በኩል ከኪስ ካሴት ማጫወቻ በግማሽ ፍጥነት ነው የሚሠራው። ከ10 ኪሎኸርትዝ በላይ ያለው ጥርት ያለ ድምፅ እዚያ ላይ አይተርፍም።

ሃይ-ፋዩ ግን ክሩ በሚጠመጠምበት፣ በሚሽከረከረው ድራም ላይ፣ ከምስሉ ሄዶች ጎን፣ ሁለት የድምፅ ሄዶች አሉት። ድራሙ በደቂቃ 1,500 ጊዜ ስለሚዞር ሄዱ ክሩን የሚያቋርጠው በሰከንድ ወደ 4.8 ሜትር በሚደርስ ፍጥነት ነው። ድምፁ በኤፍ.ኤም. ሞገድ ላይ ይጫናል፤ ግራው በ1.4፣ ቀኙ በ1.8 ሜጋኸርትዝ። ሞገዱ ክሩ ውስጥ ጠለቅ ብሎ ይጻፋል፤ ወዲያው የምስሉ ሄድ ተከትሎ ከላይ በኩል ይጽፍበታል። የሄዶቹ ማዕዘን ስለሚለያይ አንዱ የሌላውን አያነብም። ድምፁ ከምስሉ ሥር ተቀብሮ ይኖራል ማለት ነው። ጄ.ቪ.ሲ. ይህን የካሴት ዓይነት፣ ቪ.ኤች.ኤስን፣ ያወጣው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሃይ-ፋዩ የመጣው ዘግይቶ፣ ሶኒ በተፎካካሪው የቤታማክስ ካሴት ላይ ከቀደመው በኋላ፣ በ1980ዎቹ ነው።

«ለሠርግ ካሴት ነው?» አለኝ ሻጩ። ዛሬ ዴክ የሚገዛ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል የድሮ ሠርግ ወደ ፍላሽ ሊገለብጥ ነው የሚገዛው። በገና ልቀዳበት መሆኑን ስነግረው ዋጋውን ከ4,500 ወደ 3,200 ብር አወረደልኝ። አዝኖልኝ ይመስለኛል። ሪሞት የለውም።

ጥር መጨረሻ፤ ጥገና

ክዳኑን ለመክፈት ካቻቢቴ ይበቃል። ስፒናውን ከነቀሉ በኋላ ግን ወዲያው እጅ መስደድ አይገባም፤ በኃይል ክፍሉ ውስጥ ያለው ትልቁ ካፓሲተር ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል።

የመጀመሪያው ችግር፦ ካሴቱን ይቀበላል፣ ክሩን ስቦ ድራሙ ላይ ሊጠመጥም ሲል ሞተሩ ይጮሃል፣ ከዚያም ካሴቱን መልሶ ይተፋዋል። የመጫኛው ቺንጋ ላልቷል። በፈላ ውኃ ውስጥ ጥቂት አቆየሁት። «ጎማው ይኮማተራል» የሚሉት እውነት ነው፤ ዴኩ ካሴቱን ዋጠ። ሳምንት ሳይሞላ ግን ተመልሶ ላላ። የድሮ ቴፕ ሪከርደር ከሚጠግኑ ሰዎች ዘንድ ከልዩ ልዩ ልክ መካከል ተመርጦ ሌላ ተገዛ፤ 150 ብር። ከአሮጌው በጥቂቱ የሚያጥር መሆን አለበት። በጣም ከጠበበ ደግሞ የሞተሩን ዘንግ ወደ ጎን እየሳበ ይበላዋል።

ሁለተኛው፦ ምስሉ ላይ የሚንቀጠቀጡ አግድም መስመሮች፣ ድምፁ ላይ ደግሞ የማይቋረጥ እምምታ። የኃይል ክፍሉ ውስጥ አናታቸው ያበጠ ሦስት ካፓሲተሮች ነበሩ። አዲሱ ሲገዛ ማይክሮፋራዱ እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም በለጥ ያለ፣ ላዩ ላይ 105 ዲግሪ የሚል የተጻፈበት ቢሆን ይመረጣል። የኔጌቲቩን መስመር አቅጣጫ ከመንቀል በፊት ፎቶ ማንሳት ኋላ ከመጨነቅ ያድናል። ሦስቱም ከስታኞው ጋር 240 ብር ፈጁ።

ሄዱን ማጽዳት ትዕግሥት ይጠይቃል። የጆሮ ጥጥ አይሞከርም፤ የጥጡ ጭረት ሄዱን ይዞ ይሰብረዋል። ስስ የለሰለሰ ቆዳ በአልኮል ነክሮ ድራሙ ላይ በቀስታ አስደግፎ መያዝ፣ ከዚያ ቆዳውን ሳይሆን ድራሙን ከአናቱ በጣት ማዞር ነው። ወደ ላይና ወደ ታች መጥረግ ሄዱን ሊነቅለው ይችላል። ፋርማሲዎች በብዛት የሚሸጡት 70 በመቶ አልኮል ውኃ ስላለበት አልፈለግሁትም፤ 99 በመቶ አይሶፕሮፒል ፈልጎ ማግኘት ግን ዴኩን ከማግኘት አልተናነሰም። 280 ብር።

ክሩን እየተጫነ የሚያስኬደው ጎማ ሮለር መስታወት መስሏል፤ ተጠርጎ ለጊዜው ተመልሷል። መቀየሩ አይቀርም።

የካቲት መጀመሪያ፤ ካሴት

ባዶ አዲስ ካሴት የለም ብል ማጋነን አይሆንም። የመጨረሻው የዴክ አምራች የሚባለው የጃፓኑ ፉናይ እንኳ ማምረቱን ያቆመው በ2016 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ያገለገለ ነው የሚገዛው። ኢ-180 የሚል የተጻፈበትን ፈልጌያለሁ፤ ሦስት ሰዓት ይቀዳል። ኢ-240 ይረዝማል፣ ግን ክሩ ስስ ስለሆነ በአሮጌ ዴክ ቶሎ ይጨማደዳል።

በመስኮቱ በኩል የክሩን ጥቅል ጠርዝ ማየት ያስፈልጋል። ነጭ ብናኝ የሚመስል ነገር ካለ ሻጋታ ነው፤ አንድ ሻጋታ ካሴት ሄዱን አበላሽቶ ቀጥሎ ለሚገቡት ሁሉ ያስተላልፋል። በርካሽ ቢሰጧችሁም ተዉት። የጀርባው ማገጃ ጥርስ የተሰበረ ከሆነ ግን ችግር የለም፤ በስኮች ሲሸፈን ዴኩ ይቀዳበታል።

በ60 ብር ሒሳብ ከገዛኋቸው መካከል ሁለቱ የማላውቃቸው ሰዎች ሠርግ ሆነው ተገኙ። ሙሽራዋ መኪና ውስጥ ስትገባ አይቼ አቆምሁት። ላያቸው ላይ አልቀዳሁም፤ ለብቻ አስቀምጫቸዋለሁ። የተቀሩት ከቴሌቪዥን የተቀዱ የእግር ኳስ ጨዋታዎች ናቸው፤ ለእነርሱ አላዘንሁም።

የካቲት አጋማሽ፤ የመጀመሪያ ሙከራ በክራር

ዐቢይ ጾም ሳይገባ የእህቴ ልጅ ክራሩን ይዞ መጣ። ሁለት ማይክሮፎን፣ አነስተኛ ሚክሰር፣ ከሚክሰሩ በነጭና ቀይ ገመድ ወደ ዴኩ። ዴኩ ራሱ እያንጎራጎረ ስለሚሠራ በሌላ ክፍል አስቀምጬ ገመዱን በበር ሥር አሳለፍሁት። መቅዳት ጀመርን። ሜትሩ ይንቀሳቀሳል፣ ሁሉም ደህና ይመስላል።

ሲጫወት ግን ሌላ ነገር ወጣ። ድምፁ ለጥቂት ሰከንድ ጥርት ይላል፣ ከዚያ ይንጣጣል፣ ከዚያ ደብዝዞ ሞኖ ይሆናል፣ እንደገና ይጠራል። የሚደበዝዘው ዴኩ የሃይ-ፋዩን ሞገድ ሲያጣ ወደ ጠርዙ መስመር ስለሚሸሽ ነው። ልጁ «ጥሩ እኮ ነው፣ ኢፌክት ይመስላል» አለ። እኔ ግን ኢፌክት ፍለጋ አልነበረም ያን ሁሉ አልኮል የገዛሁት።

ሄዱን እንደገና አጸዳሁ፤ ለውጥ የለም። ትራኪንጉን (ሄዱ የክሩን መስመር በልኩ እንዲከተል የሚያደርገውን ማስተካከያ) አዞርሁ፤ ቦታው ተለወጠ እንጂ አልጠፋም። ምክንያቱ የተገኘው ቢጫው ቀዳዳ ላይ ነው። ባዶ ነበር። ዴኩ ሲቀዳ የድራሙን ዙር የሚያስተካክለው በሚገባው ምስል ምት ነው፤ ፓል በሰከንድ 50 ጊዜ የሚልከው ምት አለ፤ ድራሙ ያንን እየጠበቀ ይዞራል። ምስል ከሌለ አንዳንድ ዴክ በራሱ ክሪስታል ይሄዳል፤ የእኔው ግን ባዶው ቀዳዳ የሚያመጣውን ሁከት ምት መስሎት ይከተላል። ድራሙ ሲያመነታ ከምስሉ ሥር የተቀበረው ድምፅም አብሮ ያመነታል። ሙዚቃ ብቻ ለመቅዳትም ምስል ግድ ነው ማለት ነው።

የዲሽ ሪሲቨር በቢጫ ገመድ ገጠምሁና ሜኑውን ከፍቼ ተውሁት። «የቋንቋ ምርጫ» የሚለው ገጽ እንደ ሰዓት ሆኖ ድራሙን ልክ ያስይዘዋል። መንጣጣቱ ጠፋ።

በምትኩ ኸም መጣ። ዝቅ ያለ፣ የማያቋርጥ፣ የ50 ኸርትዝ። ሪሲቨሩ በዲሽ ገመዱ በኩል ጣሪያው ላይ ካለው ብረት ጋር ተያይዟል፤ ሚክሰሩ ደግሞ በሶኬቱ አርዝ። ዴኩ በሁለቱ መካከል ድልድይ ሆነ። ሜኑው ያለ ዲሽም ስለሚታይ የዲሽ ገመዱን ነቀልሁት፤ ኸሙም አብሮ ሄደ። ቤተሰቡ በቀረጻ ጊዜ ቴሌቪዥን የለም መባሉን አልወደደውም።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው አክስቴ ምድር ቤቷ ውስጥ የተቀመጠ ጥሩ ሃይ-ፋይ ዴክ በሰው ልትልክልኝ ፈልጋ ነበር። የአሜሪካው 120 ቮልት ነው፣ ሥርዓቱም ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ.፤ ስለዚህ ትራንስፎርመርና ኤን.ቲ.ኤስ.ሲ. የሚያወጣ የምስል ምንጭ ይጠይቃል። ከዚያ የሚላኩ የቤተሰብ ካሴቶች እዚህ በፓል ዴክ አልታይ እያሉ ስንት ሰው ያበሳጩት በዚሁ ምክንያት ነው። ለድምፅ ብቻ ከሆነ ግን መጥፎ አይደለም፤ ክሩ በሰከንድ 33.35 ሚሊሜትር ስለሚሄድ የጠርዙ መስመር እንኳ ይሻላል። ለጊዜው የሻንጣዋ ኪሎ ለሌላ ነገር ይዋል ብያታለሁ።

የካቲት መጨረሻ፤ በገና

ጾሙ ገባ፣ የበገና መምህሩም ፈቀዱ። ሥራው ሁሉ የታሰበው ለዚህ ነው። ሦስት ሰዓት ሳያቋርጡ ሲደረድሩ ማንም «እስቲ ይድገሙት» ሳይላቸው መቅዳት ፈልጌ ነበር። ስልክ ይህን አይችልም ወይ? ይችላል። ግን ስልክ ላይ ስንቀዳ አቁሞ ማየት፣ መደምሰስ፣ መድገም ይመጣል። ካሴት ላይ ማንም አይነካካም።

ካሴቱን ሲያዩ «ይህ ደግሞ ምን ሊሆን ነው? የምትስለኝ ካሜራ የታለ?» አሉ። ካሜራ እንደሌለ፣ ድምፃቸው ከሪሲቨር ሜኑ ሥር እንደሚቀበር ነገርኋቸው። ሳቁ።

የበገና ድምፅ ለመቅዳት አስቸጋሪ ነው። አሥሩ ጅማቶች ድልድዩ ላይ በሚያርፉበት ቦታ የሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራው፣ ያንን ንዝረት የበዛበት ድምፅ ይሰጣል። የመምህሩ ድምፅ ደግሞ ለራስ የሚነገር ያህል ዝቅ ያለ ነው። ስለዚህ አንዱን ማይክሮፎን ለአፋቸው፣ ሌላውን ወደ ድልድዩ አድርጌ ግራና ቀኝ ለየኋቸው። ሃይ-ፋዩ ሁለቱን መስመሮች አያደባልቅም፤ ኋላ በኮምፒውተር ለየብቻ ማስተካከል ይቻላል።

ሁለት ነገር ተሰማ። አንደኛው ትንፋሽ የመሰለ ሽሽታ ነው፤ ጅማቱ ሲመታ አብሮ ይነሣል፣ ድምፁ ሲከስም አብሮ ይወርዳል። ዴኩ ሲቀዳ የድምፁን ከፍታና ዝቅታ በግማሽ ያጠብበዋል፣ ሲያጫውት መልሶ ያሰፋዋል። በዚህ ዘዴ ከ80 ዲሲቤል በላይ ያገኛል፤ ዋጋው ግን ይህ ሽሽታ ነው። ከበሮና ዋሽንት ባለበት ሞቅ ያለ ጨዋታ አይሰማም፤ በዝግታ በሚከስም የበገና ጅማት ላይ ይሰማል። የካሴት ሰዎች ልማድ መጠኑን ከፍ አድርጎ ቀዩን ማስነካት ነው። እዚህ አይሠራም። የድምፅ ካሴት ሲሞላበት ቀስ ብሎ ይጨፈለቃል፤ ኤፍ.ኤሙ ግን ገደቡ ላይ ሲደርስ በአንድ ጊዜ ይሰነጠቃል። የሠራው መፍትሔ ማይክሮፎኑን ማስጠጋት ነው። ከድልድዩ አንድ ስንዝር ያህል ሲቀርብ ሽሽታው ከጅማቱ ሥር ተደበቀ።

ሁለተኛው ጥዝታ ነው። ድራሙ በሰከንድ 25 ጊዜ ይዞራል፤ ሁለቱ ሄዶች በየግማሽ ዙሩ ይቀባበላሉ። በሰከንድ 50 ቅብብል ማለት ነው፤ በእያንዳንዱ ቅብብል ላይ ደግሞ ትንሽ ስብራት አለ። ትራኪንጉን በጥንቃቄ ሳስተካክል ቀነሰ፣ አልጠፋም። ኮምፒውተር ላይ 50፣ 100፣ 150 እያልሁ በማጣሪያ ብቆርጠው የእንዚራው ንዝረትም አብሮ ተቆረጠ፤ በገናው ጥርሱ እንደረገፈ ሰው ሆነ። ማጣሪያውን ተውሁት። መምህሩ ሲሰሙት «ማሽንህም እንዚራ አለው» ብለው አለፉት።

መጋቢት፤ ዝናብና መብራት

የበልግ ዝናብ መጣ። ቤቱ ቆርቆሮ ነው፤ ጠብታው ከጀመረ ቀረጻ የለም። ጣሪያውን በምንም መሸፈን አልተቻለም፤ ኮርኒሱ ላይ አሮጌ ፍራሽ መዘርጋት ካፊያን እንጂ ዝናብን አይመክትም። ሌሊት መቅዳት ተሻለ፤ ሰፈሩም ጸጥ ይላል፣ እስከ ማሕሌት ድምፅ ማጉያ ድረስ።

መብራት ሲጠፋ ዴኩ ክሩን ድራሙ ላይ እንደጠመጠመ ይቆማል። ሲመለስ ራሱ ይፈታዋል፤ ግን የቆመበት ቦታ ላይ ክሩ ይጨማደዳል፣ ሃይ-ፋዩም እዚያ ነጥብ ላይ ለዘለዓለም ይንጣጣል። ለኮምፒውተር የነበረውን ዩ.ፒ.ኤስ. ለዴኩ፣ ለሪሲቨሩና ለሚክሰሩ ሰጠሁ። ሦስቱ አንድ ላይ ብዙ ኃይል አይበሉም፤ የተጀመረውን መዝሙር አስጨርሶ በሰላም ለማቆም ይበቃል።

ዝናብ በሚዘንብባቸው ምሽቶች ስለ ሌሎቹ መንገዶች ሳነብ ነበር። በቪዲዮ ካሴት ላይ ድምፅን በዲጂታል መቅዳት የቆየ ነገር ነው፤ የሲዲው 44,100 ቁጥር (በሰከንድ የሚወሰደው የድምፅ ናሙና ብዛት) ራሱ ከቪዲዮ መቅጃ የመጣ ነው። በፓል ምስል 294 መስመር፣ በየመስመሩ ሦስት ናሙና፣ በሰከንድ 50 ጊዜ፤ አባዙት፣ 44,100 ይመጣል። ኋላም በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሌሲስ የተባለው ኩባንያ ኤዳት የሚባል ማሽን አወጣ፤ በኤስ-ቪ.ኤች.ኤስ. ካሴት ላይ ስምንት መስመር ዲጂታል ይቀዳል። በቤት ስቱዲዮ ዓለም ላይ ያመጣው ለውጥ ትልቅ ነው። ዛሬ ግን ሄዱ የደከመ ኤዳት መግዛት የሌላ ሰው ራስ ምታት መግዛት ነው፤ መለዋወጫውን ማን ያመጣዋል?

ሚያዝያ፤ ከፋሲካ በኋላ፣ ሦስተኛ መስመር

ዴኩ ፊት ላይ «ኦዲዮ ደብ» የሚል ቁልፍ አለ። በቤት ቪዲዮ ላይ ኋላ ትረካ ለመጨመር የተሠራ ነው። ሃይ-ፋዩ ከምስሉ ሥር ስለተቀበረ ምስሉን ሳያጠፉ እርሱን መለወጥ አይቻልም፤ ስለዚህ ቁልፉ የሚቀዳው በጠርዙ መስመር ላይ ብቻ ነው። ለእኛ ይህ ሦስተኛ መስመር ነው፦ ክራሩ በስቴሪዮ በሃይ-ፋይ፣ ከዚያ እርሱን በጆሮ እየሰሙ ማሲንቆ በጠርዙ ላይ።

የጠርዙ ሄድ ከድራሙ ርቆ የሚገኝ ስለሆነ ሁለቱ ይዛነፋሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አይዛነፉም። ያ ርቀት ሲቀዳም ሲጫወትም አንድ ነው፤ በሃይ-ፋይ የሰማነውን ተከትሎ የተጫወተው ማሲንቆ ሲመለስ ልኩ ላይ ነው። ወደ ኮምፒውተር ሲገለበጥ ግን ሁለት ጊዜ ማጫወት ያስፈልጋል፤ አንዴ መምረጫውን ሃይ-ፋይ ላይ፣ አንዴ ኖርማል (የጠርዙ መስመር) ላይ አድርጎ። ለማገናኘት መጀመሪያ ላይ ጭብጨባ እናስቀዳለን። ዴኩ ሃይ-ፋይ ሲቀዳ ጠርዙ ላይም አብሮ ስለሚጽፍ ጭብጨባው በሁለቱም ላይ ይገኛል፤ ኦዲዮ ደቡ የሚጀመረው ከጭብጨባው በኋላ ነው። በኦዳሲቲ የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ሁለቱን ጭብጨባዎች ፊት ለፊት ማድረግ ብቻ ነው።

ጠርዙ ላይ መጠን ማስተካከያ አይሠራም፤ ዴኩ በራሱ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ማሲንቆው ዝም ሲል የክፍሉ ድምፅ ከየት መጣ ሳይባል ያብጣል። በተጨማሪ ሮለሩ ስላረጀ ረዥም ድምፆች ይወዛወዛሉ። ያም ሆኖ የእህቴ ልጅ ከሁሉም የወደደው ይህንን መስመር ነው፤ «የድሮ ካሴት ድምፅ» የሚለው ይኸው ነው። ሰዎች የቪዲዮ ካሴት ድምፅ ሞቅ ያለ ነው ሲሉ ብዙ ጊዜ የሚያወሩት ስለ ጠርዙ ነው። ሃይ-ፋዩ ከስንጥቅና ከጥዝታው በቀር ከሲዲ ብዙም አይርቅም፤ መወዛወዙ 0.005 በመቶ ተብሎ ነው የሚጻፈው። በገናውን ለሃይ-ፋይ፣ ማሲንቆውን ለጠርዙ መተው ትክክለኛ ድልድል ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ግንቦት መጀመሪያ፤ መገልበጥና ሒሳብ

የጠጋኙ ሱቅ ዴክ ላይ አንዱን የበገና ካሴት ብናስገባ ሃይ-ፋዩ ተንጣጣ። ክሩን የሚመሩት ዘንጎች ከፍታ ከዴክ ዴክ በጥቂቱ ይለያያል፤ ምስሉ ይህን ይታገሣል፣ የተቀበረው ድምፅ አይታገሥም። ስለዚህ የቀዳው ዴክ ራሱ ያጫውት። ይህም ማለት ዴኩ ሳይሞት ሁሉም መገልበጥ አለበት ማለት ነው። በ48 ኪሎኸርትዝ፣ በ24 ቢት እየገለበጥሁ ነው፤ ሦስት ሰዓት ካሴት ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ ማፋጠኛ የለውም።

እስካሁን የወጣው፦ ዴኩ 3,200፣ ቺንጋ 150፣ ካፓሲተርና ስታኞ 240፣ አልኮል 280፣ ካሴቶች 600፣ ገመዶች 350 ብር። ማይክሮፎኖቹ፣ ሚክሰሩና ዩ.ፒ.ኤሱ ቀድመው የነበሩ ናቸው። በዚህ ገንዘብ ደህና የዲጂታል መቅጃ አይገኝም፤ ግን ጊዜዬን ብደምርበት ሒሳቡ ይገለበጣል፣ ስለዚህ አልደምረውም።

ለአክስቴ ደውዬ ነበር። ዴኩን ሳይሆን ጎማ ሮለር ብቻ እንድትልክ የሞዴሉን ቁጥር ሰጥቻታለሁ፤ ፖስታ ውስጥ ይገባል። እስኪደርስ ኦዲዮ ደብ ቆሟል፤ የበገናው ግልበጣ ይቀጥላል።